ሳነቴ ላይ የተመዘነ ምት

የእኛ የሮቤው የካራቴ ቡድንና የጎባው ቡድን ሻይ ቤት ከተገናኘን የምናነሣው ክርክር አንድ ነበር፤ ምት ይቁም ወይስ ይግባ? ሁለቱን ከተሞች የሚለያቸው 14 ኪሎ ሜትር አስፋልት ብቻ ነው። ጎባ የቀድሞዋ የባሌ ዋና ከተማ ናት፤ ከተራራው ሥር ተጠግታ ብርዷን ችላ የኖረች። ሮቤ ደግሞ በስንዴዋ፣ በገበያዋና በመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሰፍታ ዛሬ ትልቋ እሷ ሆናለች። በዚህች አጭር መንገድ ሁለት ጫፍ ሆነን ለዓመታት ስንከራከር አንዳችንም ሌላውን አላሳመንንም። እኔ ሐሳቤን የቀየርኩት በክርክር ተረትቼ አይደለም፤ ሳነቴ ላይ መኪና ተበላሽቶብን ነው።

የሮቤው አዳራሻችን ወለል ሲሚንቶ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በባዶ እግር ሲቆሙበት ብርዱ ከተረከዝ ተነሥቶ ጉልበት ድረስ ይወጣል። ቤቱ ኦሮምኛ የሚያወራውም አማርኛ የሚያወራውም በአንድ ድምፅ ኢች፣ ኒ፣ ሳን፣ ሺ እያለ በጃፓንኛ ይቆጥራል። አብዛኞቻችንን እዚያ ያደረሰን ቪዲዮ ቤት ነው፤ አግዳሚ ላይ ተጣብበን ብሩስ ሊንና ቫን ዳምን ያየን ልጆች ነን። አሠልጣኛችን ጥብቅ ሰው ነው። ካታ በሚባለው፣ ብቻን በቅደም ተከተል በሚሠራው የምትና የመከላከል ልምምድ ላይ የእግር ጣት አቅጣጫ ከተዛነፈ ከመጀመሪያው ያስጀምራል። ስፓሪንግ፣ ማለትም የጥንድ ፍልሚያ ልምምድ፣ ስንገባም ጥብቅነቱ አይለወጥም፤ ቡጢውም እርግጫውም ቆዳ ሊነካ አንድ ጣት ሲቀረው ይቆማል። የነካ ፑሽ አፕ ይሠራል።

ይህን ሕግ የሚያቃልሉ አሉ፤ እኔ አላቃልለውም። ሥር ያለው ነገር ነው። ካራቴን እ.ኤ.አ. በ1922 ከኦኪናዋ ቶኪዮ ወስዶ ያስተዋወቀው ጊቺን ፉናኮሺ ካታን ከሁሉ አስበልጦ የሚያከብር፣ ነፃ ፍልሚያንም ውድድርንም የማይወድ መምህር ነበር። ተማሪዎቹ ግን የተማሩትን መሞከር አማራቸው። የጃፓን ካራቴ ማኅበር የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ሻምፒዮና ያካሄደው በ1957 ነው፤ ፉናኮሺ ያረፈውም በዚያው ዓመት ነው። በዚያ ውድድርም ቢሆን ምት ገላ ሳይነካ እንዲቆም ነበር ሕጉ። ከፉናኮሺ ዘንድ ከተማሩት አንዱ፣ ኮሪያዊ ሆኖ ጃፓን የኖረው ማሱታትሱ ኦያማ፣ በዚህ አልረካም። ኪዮኩሺን የተባለውን ስልት መሠረተ፤ ድርጅቱን በ1964 አቋቋመ፤ በ1969 ደግሞ ተፋላሚዎች በሙሉ ኃይል የሚመታቱበትን የመላ ጃፓን ውድድር ከፈተ። ፊትን በእጅ መምታት ተከለከለ። ደረት፣ ሆድ፣ ጎንና ታፋ ግን ለምት ክፍት ሆኑ። የጎባዎቹ መንገድ ይህ ነው።

ጉዞው የመጣው በጎባው አሠልጣኝ ዘመድ በኩል ነው። ደሎ መና ለሚደረግ አንድ የወጣቶች ዝግጅት ሁለቱም ቡድኖች ትርኢት እንዲያሳዩ ጠራን። ከጎባ ደሎ መና ለመድረስ የሳነቴን አምባ አቋርጦ በሃረና ጫካ መውረድ ነው። ገንዘብ አዋጥተን አንድ ቅጥቅጥ ተከራየን። ሾፌሩ መንገዱን ለረጅም ጊዜ የሠሩበት አዛውንት ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እኛ በግራ፣ ጎባዎቹ በቀኝ ተደርድረን ሳንነጋገር ጉዞ ጀመርን።

ከጎባ ሲወጣ መጀመሪያ ጥድና ኮሶ ነው፤ ቀጥሎ አስታ፤ ከዚያ በኋላ ዛፍ የሚባል ነገር ይቀራል። አምባው 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ትናንሽ ሐይቆች፣ ግራጫ ቁጥቋጦ፣ እዚህም እዚያም ብቻቸውን የቆሙ ጅብራዎች ይታያሉ። የባሌ ተራሮች ጫፍ የሆነው ቱሉ ዲምቱ በ4,377 ሜትር እዚያው አጠገብ ነው። በዓለም ላይ ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ተራሮች ውስጥ ይኖራሉ፤ በዚያን ቀንም አንዷ አይጥ ጉድጓድ ላይ አንገቷን ሰብራ፣ መኪናችንን ከቁም ነገር ሳትቆጥር ቆማ አየናት። ባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ቦታውን ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም።

የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ መኪናውን የሞላው ከቱሉ ዲምቱ ግርጌ ብዙም ሳንርቅ ነው። ጋሼ ወርደው፣ ጋቢያቸውን አውልቀው፣ ከሥር ገብተው አዩት። «በቃ ልጆቼ፣ ይህ ያለ አዲስ ዲስክ ንቅንቅ አይልም» አሉ። ረዳቱ ከደሎ መና ወደ ጎባ በሚወጣ የጭነት መኪና ተሳፍሮ መካኒክ ሊያመጣ ሄደ። እኛ ቀረን። ሳነቴ ላይ ፀሐይ እያለ ፊት ይቃጠላል፤ ደመና ሲጋርዳት ጥርስ ይንቀጫቀጫል። ንፋሱ የሚያቆመው ነገር የለም። መኪና ውስጥ ተቀምጠን ስንንቀጠቀጥ የጎባው አሠልጣኝ ተነሥቶ የእኛን አሠልጣኝ በአክብሮት አስፈቀደውና «ሁላችሁም ውረዱ፤ አንድ ከሮቤ፣ አንድ ከጎባ፣ ሁለት ሁለት ሁኑ» አለ።

ለእኔ የደረሰኝ ጎባ ውስጥ ወፍጮ ቤት የሚሠራ ልጅ ነው። ቀኑን ሙሉ የእህል ጆንያ የሚሸከም ትከሻ አለው። ሰላም ካለኝ በኋላ የጠየቀኝን ነገር በሕይወቴ ተጠይቄ አላውቅም ነበር፤ «ምን ያህል ልምታህ?»

«እንደለመድከው» አልኩት።

«እኔ የለመድኩት ላንተ ይበዛል። ከግማሽ በታች እጀምራለሁ። ከበዛብህ ታፋዬን ሁለቴ ነካ ነካ አድርገኝ፤ አቆማለሁ።»

ስለ ከፍታው አንድ ነገር ልበል። ሮቤ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ እዚያ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገኘው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ሳነቴ ላይ ወደ ስድሳ በመቶ ይወርዳል። ደገኛ ነን፣ ሩጫም እንሮጣለን፤ ያም ሆኖ አየር ላይ የሚቆም ምት የለመደ ሳንባ የሚነካ ምት ሲመጣበት አተነፋፈሱ ይጠፋዋል። ሰው ሊመታ ሲል ሳያውቀው ትንፋሹን ይይዛል። የተያዘ ትንፋሽ 4,000 ሜትር ላይ ጊዜ አይሰጥም። የወፍጮ ቤቱ ልጅ ግን በእያንዳንዱ ምት ትስ እያደረገ ያወጣ ነበር። ምት ሲቀበልም እንደዚያው።

ከትንፋሹ ቀጥሎ የከዳኝ ርቀቴ ነው። ለዓመታት ያጠናሁት ርቀት ቡጢ የማይደርስበትን ርቀት ነው። እጄ ሲዘረጋ አንድ ጣት እንዲጎድለው አድርጌ መቆም እግሬ ተምሯል፤ እግር ደግሞ የተማረውን አይረሳም። ስለዚህ እውነተኛ ቡጢ ልሰነዝር ስል እንኳን አልደርስም። እሱ ገባ አለ፤ ከደረቴ ፊት ቆመ፤ እጆቼ በዚያ ቅርበት ምን እንደሚሠሩ አያውቁም። ታፋዬን በቅልጥሙ መታኝ፤ አመመኝ፣ ግን ቆምኩ። እጄ ታፋዬን ሊከላከል ሲወርድ በግራ እግሩ ከቀኝ ጎድኔ በታች አገኘኝ።

መጀመሪያ ምንም አልተሰማኝም። «ይሄ ነው እንዴ?» ብዬ ለማሰብ ጊዜ ነበረኝ። ከዚያ ትንፋሼ ቆመ፣ ጉልበቴ ታጠፈ፣ ራሴን ከሣሩ ላይ ተኮራምቼ አገኘሁት። ልጁ አጠገቤ ተንበርክኮ አንድ እጁን ጀርባዬ ላይ አድርጎ «አትቸኩል፤ በአፍንጫህ ቀስ ብለህ ሳብ፤ ይመለሳል» ይለኛል። ተመለሰም። ጉበት ከቀኝ ጎድን ሥር የሚገኝ ትልቅ የአካል ክፍል ነው፤ ሽፋኑ በነርቭ የተሞላ ነው። ሲመታ የደም ግፊት በድንገት ይወርዳል፣ እግር ይከዳል። ጀግንነት አያቆመውም፤ ሰውነት ራሱ የሚወስነው ውሳኔ ነው።

ትንፋሼ ሲገባልኝ «ግማሽ ነው ያልከኝ አይደል?» አልኩት።

«ሢሶም አይሆን» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከዚያ በኋላ ሙሉውን ሲመታ አይቻለሁ።

«በምን አወቅከው ልኩን?»

«ሙሉውን ተቀብዬዋለሁ» አለ፤ ጎኑን በእጁ አሳየኝ። «ያን ቀን ወፍጮ ቤት አልገባሁም። ከዚያ ወዲህ እዚህ ጋ እግሬን ስሰድ ምን እንደምልክ አውቃለሁ።»

ሙሉ ምት መለማመድ ሰውን ጨካኝ ያደርጋል የሚለውን እኔም ስሰማ ኖሬያለሁ፤ እናቶቻችን የሚፈሩትም ይህንኑ ነው። ሳነቴ ላይ የገጠመኝ ልጅ ግን እስከዚያ ቀን ካየኋቸው የካራቴ ሰዎች ሁሉ ይበልጥ ርኅሩኅ ነበር። ርኅራኄው የመጣው ከጠባይ ብቻ አይደለም፤ የሚሰጠውን ነገር ክብደት በገላው ስለሚያውቅ ነው።

እንዲህ በእውነት እየተነካኩ መማር ለጃፓንም ለእኛም አዲስ ነገር አይደለም። ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 ጁዶን ሲመሠርት አደገኛ የሆኑትን ምቶችና ስብራቶች ከነፃ ግጥሚያው አወጣ፤ የቀረውን ተማሪዎቹ በሙሉ ኃይላቸው በየቀኑ እንዲሠሩት። የኬንዶ ሰዎች ሰይፉን በቀርከሃ ተኩ፣ ደረት ላይ መከላከያ አሰሩ፣ ከዚያ በእውነት ተመታቱ። የእኛ ጉግስስ? ዘንጉ ስለት የለውም፤ ፈረሱ ግን እውነተኛ ፈረስ ነው፣ ጋሻው እውነተኛ ጋሻ ነው፣ የተወረወረው ዘንግም ጀርባ ላይ ሲያርፍ በእውነት ያርፋል። አያቶቻችን ፈረሰኛን በባዶ ሜዳ ላይ እጅ በማወዛወዝ አላሠለጠኑም። በትግልም የሚወድቅ ሰው በእውነት ይወድቃል። ምቱን ከማጥፋት ይልቅ መጠኑን መግራት የቆየ ጥበብ ነው፤ የካራቴ አዳራሾቻችን ይህን ከጎረቤት ሜዳ ሊማሩት ይችሉ ነበር።

ሌላም መንገድ እንዳለ አውቃለሁ። «ሰምና ወርቅ» የተባለውን እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመ መጽሐፍ የጻፈው የኢትዮጵያ አጥኚ ዶናልድ ሌቪን አይኪዶ የሚሠራና የሚያስተምር ሰው ነበር፤ አይኪዶ በሐዋሳ ወጣቶች ዘንድ ሥር እንዲሰድም ደግፏል። በአብዛኛው የአይኪዶ ስልት ውድድር የለም። ግን እዚያም ቢሆን የሚያዝ እጅ በእውነት ይያዛል፣ የሚወድቅ በእውነት ይወድቃል። ገላ ገላን ሳይነካ ይማራል የሚል ባህል አላገኘሁም፤ ከእኛ ዓይነቱ የካራቴ አዳራሽ በቀር።

መካኒኩ የደረሰው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። በባትሪ ብርሃን ሠርቶ ሲጨርስ ሌሊት ሆኗል። ወደ ሃረና ቁልቁል ስንገባ ጭጋጉ የመኪናውን መብራት ዋጠው፤ ጋሼ ራሳቸውን በመስኮት አውጥተው፣ ረዳቱ ቀድሞ በእግሩ እየሄደ፣ ሪራ ደረስን። የሪራ ሰዎች ያን ሁሉ ጎረምሳ በዚያ ሰዓት ተቀበሉን። እሳት አነደዱ፣ ወተት አፈሉ፣ የገብስ ገንፎ በቅቤ አቀረቡ። የቤቱ እመቤት ታፋዬን እያየች በኦሮምኛ «ማን ነው እንዲህ ያደረገህ?» ብትለኝ የወፍጮ ቤቱን ልጅ አሳየኋት። ቅቤ አሙቃ ለእሱ ሰጠችውና «አንተ እሸው» አለችው። አሸኝ። በማግስቱ ጠዋት መኪና ውስጥ ግራና ቀኝ መለየት ቀርቶ ነበር።

ደሎ መና ሌላ አገር ነው። ትናንት ጥርስ ያንቀጫቀጨን ብርድ፣ ዛሬ ሸሚዝ የሚያስወልቅ ሙቀት። ሜዳው በሰው ተከቧል። ካታው አማረ፣ ጣውላው ተሰበረ፣ ጭብጨባው ቀለጠ። ከዚያ ከሕዝቡ መካከል በአካባቢው በትግል የሚታወቅ አንድ ወጣት እየሳቀ ወጣና «እኔም ልሞክር» አለ። ከእኛ ወገን ካታው ከሁላችንም የሚያምር ልጅ ቀረበለት።

የእኛ ልጅ እንደተማረው መታ፤ ቡጢው ከአገጩ አንድ ጣት ሲቀረው ቆመ። ታጋዩ ምንም አልነካውምና ምንም እንዳልሆነ ቆጠረው፤ መቁጠሩም ትክክል ነው። ወገቡን ይዞ አንሥቶ መሬት ላይ አስቀመጠው፤ በቀስታ፣ በጨዋታ። ሕዝቡ ሳቀ። የእኛ ልጅ ሲነሣ ፊቱ ነጭ ሆኖ ነበር። ከዚያ ያለ የሌለ ኃይሉን ሰብስቦ አፉ ላይ መታው። ከንፈሩ ተሰነጠቀ፣ ጥርሱ ተነቃነቀ፣ ደሙ ደረቱ ላይ ወረደ።

ልጁን አውቀዋለሁ፤ ክፉ አይደለም። እጁ የሚያውቀው ሁለት መጠን ብቻ ነው፤ ባዶና ሙሉ። በመካከላቸው ያለውን ሁሉ ማንም አላስተማረውም፤ ሰው አንሥቶ ሲያስቀምጠው ምን እንደሚሰማም ያን ቀን ነው ያወቀው። ለደኅንነት ተብሎ የወጣው ሕጋችን ያን ቀን አንድ ሰው አቆሰለ።

የታጋዩ ጓደኞች ወደ ሜዳው ገቡ። የወፍጮ ቤቱ ልጅ በመካከል ቆመ፣ እጆቹን ዘርግቶ። አንዱ ደረቱን በሁለት እጁ ገፋው፣ ሌላው ትከሻውን መታው፤ አልመለሰም፣ አልተነቃነቀምም። «ይቅርታ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው» ይል ነበር በኦሮምኛ ደጋግሞ። ምት አዲስ የሆነበት ሰው እንደዚያ መቆም የሚችል አይመስለኝም።

የአካባቢው ሽማግሌዎች ሁለቱን ወገን ከዛፍ ሥር አስቀመጡ። የተጎዳው ልጅ ታክሞ ከንፈሩ ተሰፍቶ መጣ። አሠልጣኛችን ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ፤ የሕክምናውንም ወጪ ሸፈንን። ቡና ቀላ ቀረበ፤ በቅቤ የተቆላውን የሃረና ቡና ከአንድ ዕቃ ቀመስን። የእኛው ልጅ አለቀሰ። ታጋዩ በዚያ በተሰፋ ከንፈሩ መናገር ስላቃተው ራሱን እየነቀነቀ እጁን ያዘው።

የቶኪዮውን የኦሊምፒክ ፍጻሜ ሳስብ ደሎ መና ትዝ ትለኛለች። እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 2021፣ ከ75 ኪሎ በላይ። የሳዑዲው ታሬግ ሃሜዲ የኢራኑን ሳጃድ ጋንጅዛዴን 4 ለ 1 እየመራ በእርግጫ ጭንቅላቱ ላይ አገኘውና ራሱን አሳተው። በሕጉ መሠረት ምቱ ቁጥጥር የጎደለው ስለነበር ሃሜዲ ተሰረዘ፤ በቃሬዛ የወጣው ጋንጅዛዴ የወርቅ ባለቤት ሆነ። ዳኞቹን አልወቅስም፤ ሕጉን ተከተሉ። ነገር ግን የዓለም ምርጦች እንኳን ሙሉ ፍጥነት ያለውን እግር ጭንቅላት ዳር ላይ አቁሙ ሲባሉ ሁልጊዜ ላይሆንላቸው እንደሚችል ያን ቀን ታየ።

ከዚያ ጉዞ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎባዎቹ ሮቤ ይመጣሉ። አሠልጣኛችን ካታውን አልተወም፣ እንዲተወውም አልፈልግም። ስፓሪንግ ሲገባ ግን ጥንዶቹ መጀመሪያ «ምን ያህል?» ይባባላሉ፤ የቅልጥም መከላከያ ያስራሉ፤ ጀማሪ ሁለት ወር ታፋና ሆድ ላይ በቀስታ ሲቀበል ይቆያል፤ የታመመ ሰው አይገባም። ደሎ መና ላይ ያለቀሰው ልጅ ዛሬ ከጀማሪዎች ጋር መቆም ከሚፈለጉት አንዱ ነው፤ እጁ መጠን አውቋል።

ከወፍጮ ቤቱ ልጅ ጋር ያልተስማማንበት አንድ ነገር ጭንቅላት ነው። ኪዮኩሺን ጭንቅላትን በእግር መምታት ይፈቅዳል፤ እሱም ይፈቀድ ይላል። «ጭንቅላት ላይ ምን ጊዜም ካልነካህ፣ እጅህ እዚያ ጋ ባዶና ሙሉ ብቻ ያውቃል ማለት ነው» ብሎ በራሴው ቃል ያዘኝ። ሐሳቡ ቀላል አይደለም፤ አድምጬዋለሁ። ነገር ግን ከጉበት ምት ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ይነሣል፤ አንጎል ላይ የሚጠራቀም ምት እንደዚያ አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ሃሪሰን ማርትላንድ የቦክሰኞችን መንገዳገድና የአእምሮ መድከም በሕክምና መጽሔት የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አላወቅንም ሊል አይችልም። ስለዚህ በእኛ አዳራሽ ጭንቅላት የሚነካው በወፍራም ጓንት፣ ትንኝ እንደሚያባርር እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ከ18 ዓመት በታች ጨርሶ አይነካም፤ ራሱ የዞረበት ሰው ያን ቀን ይቀመጣል፣ ሐኪም ሳያየውም አይመለስም። ጎባ ላይ እንደፈለጉ ያድርጉ፤ ሮቤ ሲመጡ ግን ሕጉ ይህ መሆኑን በሩ ላይ ጽፈን ለጥፈናል።